ተነቃይ መሠረት

ስድስቱ የኮንክሪት መሠረቶች ወደ ከተማዋ የገቡት ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በሦስት ረጃጅም ሎቤድ መኪኖች ተጭነው ነበር። ሱቅ ያለው ሱቁን፣ ጉሊት ያላት ጉሊቷን ጥላ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ተደረደረ። መኪኖቹ እንቁላል የጫኑ ይመስል እየተሳቡ ሲያልፉ አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ለምን እንደሚያጨበጭብ በደንብ የገባው ጥቂት ነው። የሚታየው ነገር ግራጫ፣ አራት ማዕዘን፣ አናቱ ላይ የብረት ብሎኖች የተቀሰሩበት ድንጋይ ነው። ግን ውሃ ሊመጣ ነው ተብሏል፤ ይኼ በቂ ነበር።

ከፊተኛው መኪና ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ጭብጨባውን ሲሰማ አፍሮ አንገቱን ቀበረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሲሚንቶና ከጠጠር ጋር ሲታገል ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም።

የሥራ ባልደረቦቹ ውሃልክ ይሉታል። ግንበኞች የወለልና የግድግዳን መስተካከል የሚያዩባት፣ ሆዷ ውስጥ የአየር አረፋ የምትሄድባት መሣሪያ ውሃ ልክ ትባላለች፤ እሱን ግን እሷም አታስፈልገው። አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያይና "በግራ በኩል ሁለት ሚሊ ወርዷል" ይላል፤ ሲለካ ሁለት ሚሊ ወርዶ ይገኛል። ሰው ቤት ተጋብዞ ጠረጴዛው የተንጋደደ ከሆነ ምግብ አይወርድለትም፤ ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ሳይወትፍ አርፎ አይቀመጥም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "ይኼ ሰውዬ እኔን ያገባኝ ትከሻዬ እኩል ስለሆነ ነው" እያለች ታስቅበት ነበር። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ልጅ አልነበራቸውም።

መሠረት ሲባል ሰው የሚያውቀው ተቆፍሮ፣ የጣውላ ካሳፎርማ ተመቶ፣ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ እስኪጠነክር ወር የሚጠበቅለትን ነው። ውሃልክ የሚሠራበት ድርጅት ግን የማሽን መሠረቶችን ግቢው ውስጥ አስቀድሞ ይሠራቸዋል። ፌሮው ይታሰራል፣ ማሽኑን የሚይዙት ብሎኖች በየቦታቸው ይተከላሉ፣ ኮንክሪቱ ይሞላል፣ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል። ከዚያ በመኪና ተጭኖ ይሄድና፣ ገረገንቲ አፈር ተደልድሎ በሮለር በተደቀደቀ ሜዳ ላይ በክሬን ይቀመጣል። በማግስቱ ማሽን ሊታሰርበት ይችላል። አንዱ አሥራ አንድ ቶን ነው፤ ጄኔሬተር እንደ እብድ ቢንዘፈዘፍበት ንቅንቅ አይልም። ሥራው ሲያበቃም በአራቱ ማዕዘን ባሉት የብረት ቀለበቶች ሰንሰለት አስገብቶ፣ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ውሃልክ ከቁም ነገር ቆጥሯት አያውቅም። መሠረት የሚሠራው ሊቀመጥ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት። ወንዙ ከሥሯ፣ በገደሉ ግርጌ ይሄዳል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ክር ይመስላል። ወርዶ ለመቅዳት አንድ ሰዓት፣ ተሸክሞ ለመውጣት ሁለት ሰዓት። ካቻምና ግን መቆፈሪያ መኪና መጥቶ ከከተማዋ ዳር ሁለት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ውሃም ተገኘ። ጉድጓዶቹ በብረት ክዳን ተከድነው ተቆለፉ። ውሃው እንግዲህ እዚያው፣ ከሰዉ እግር ሥር አለ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚስበው ማሽን ብቻ ነው። አራቱ መሠረቶች ለፓምፕ፣ ሁለቱ ለጄኔሬተር ነበሩ።

ውሃልክ ስድስቱንም በአምስት ቀን አስቀመጠ። ሲባጎ ወጥሮ፣ አሸዋ እየበተነ፣ እየጠረገ፣ ክሬኑን "ዝቅ፣ ዝቅ፣ ቁም!" እያለ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ አስነስቶ አስቀመጠው። የመጨረሻው ሲያርፍ መሐንዲሱ መጣ። ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆዩ" አለው። "ማሽኖቹ በሦስት ሳምንት ይደርሳሉ። መሠረቶቹ እንዳይሰምጡ እያዩ ይጠብቁልን፤ ሲመጡ አብረው ያስራሉ።"

"ሦስት ሳምንት?"

"ቢበዛ።"

ማረፊያ ያገኘው አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ልብስ ሰፊው አርባ ያልሞላው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ አጭር ናት፤ ሲራመድ በአንድ ጎኑ ሰመጥ እያለ ነው። የፊተኛዋ ክፍል ሱቁ፣ የኋላዋ መኝታቸው፣ ከጎን የተቀጠለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የሚከራያት ሰው ያጣች ነበረች። ውሃልክ ሻንጣውን ገና መሬት ሳያስቀምጥ የስፌት ማሽኑ መንጋደዱን አየ። ተንበርክኮ ከአንዱ እግር ሥር ቁራጭ ላሜራ ወተፈለት። ልብስ ሰፊው አንዴ፣ ሁለቴ ረገጠውና ገረመው።

"ወይ ጉድ! ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ በቅሎ ሲያንገጫግጨኝ የነበረው በዚች ነው? በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ማሽኑን አስተካከሉት፤ የኔንስ እግር መቼ ነው?"

"ለእሱ ክሬን ያስፈልጋል" አለ ውሃልክ፣ እሱም ሳያስበው።

ከጓሮ የሴት ሳቅ ተሰማ። የሳቀችው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ቀጭን ስለሆነች ሰፈሩ ቀጮ ነው የሚላት፤ ባሏ ግን "ሆዴ" ነው የሚላት። አሁን ቃሉ ሁለት ትርጉም ይዞለት ነበር፤ ቀጮ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው መሆኑ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሁለተኛው ጊዜ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቁርጥ አድርጋ ነግራታለች፤ "የሚቀጥለው ከያዘ ጀሪካን የሚባል ነገር እንዳትነኪ። ገደል እየወረድሽና እየወጣሽ ልጅ አትወልጂም።"

ለዚህም ባልና ሚስቱ መላ መትተው ነበር። የቀጮ ታላቅ እህት የቧንቧ ውሃ ያለበት ከተማ ትኖራለች፤ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ባዶ ናት። "ነይና እስክትወልጂ ከእኔ ጋር ሁኚ፤ ባልሽም ማሽኑን ይዞ ይምጣ" ብላ ልካባቸዋለች። ልብስ ሰፊው ደንበኞቹን ትቶ ለመሄድ ልቡ ቢያመነታም እሺ ብሎ ነበር። ውሃልክ በገባ በሦስተኛው ቀን ዕቃ በካርቶን እየከተቱ አገኛቸው።

"ምንድነው፣ ልትለቁ ነው እንዴ?"

ነገሩን አጫወቱት። ውሃልክ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ምክር አልጠየቀውም። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ መሠረቶቹ ልክ እሱ እንደሚወደው ተቀምጠውለታል፣ ከተማው አጨብጭቦለታል፣ ቤቱም ከሚስቱ ሞት ወዲህ ያጣውን ሳቅ ሰጥቶታል።

"ስሙኝማ" አለ። "ማሽኑ በሦስት ሳምንት ይመጣል። ለማሰር አንድ ሳምንት፣ ቧንቧውን ለማገናኘት ሁለት ሳምንት በሉት። ሲበዛ ሁለት ወር። አንቺ ልጄ ገና አምስት ወር ይቀርሻል። ውሃው ከልጁ ቀድሞ ይገባል። ከቤት፣ ከደንበኛ፣ ከጎረቤት ተፈናቅላችሁ ሰው ግቢ ምን ያሯሯጣችኋል?"

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አየ። እሷ ውሃልክን አየችው።

"እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ?"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ነኝ። መሠረት ተቀምጦ ማሽን ሲቀር አይቼ አላውቅም።"

ይኼ ውሸት አልነበረም። እውነትም አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ይዟቸው ሄደና መሠረቶቹን አሳያቸው። ቀጮ እጇን ኮንክሪቱ ላይ አሳረፈች፤ ፀሐይ መትቶት ሞቅ ብሏል። የብሎኖቹን ጥርስ በጣቷ ነካካች። "ይኼ ሁሉ እኛ ውሃ እንድንጠጣ ነው?" አለች። ልብስ ሰፊው አንዱ ላይ ወጥቶ ቆመና "እዚህ ላይ እንኳን እግሬ እኩል አልሆነችም" ብሎ አሳቃቸው። ማታውን ካርቶኖቹ ተፈቱ። ለእህቲቱም ቀርተናል ብለው ላኩባት፤ እሷም ክፍሏን ለሌላ ሰው አከራየች።

ሦስት ሳምንቱ አለፈ። ውሃልክ በየማለዳው ወደ ሜዳው እየሄደ መሠረቶቹን ይዞራቸዋል። አንዳቸውም አልሰመጡም፤ አንዳቸውም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላወጡም። አቧራቸውን በመጥረጊያ ያራግፋል፣ ብሎኖቹ እንዳይዝጉ ግሪስ ይቀባል፣ በላስቲክ ይጠቀልላል። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ይደውላል።

"ጋሼ፣ ወደብ ላይ ናቸው" ይለዋል። በሌላው ሳምንት "ወረቀት ነው የቀረው" ይለዋል። በሌላው ደግሞ ስልኩ አይነሳም።

በከተማው መንገድ መሄድ እየከበደው መጣ። ዳቦ ሻጩ "ጋሼ፣ መቼ ነው?" ይለዋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ "መቼ ነው?" ይለዋል። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች ወገባቸውን ሳያቀኑ ቀና ብለው "አባባ፣ መቼ ይሆን?" ይሉታል። መጀመሪያ "በዚህ ሳምንት" ይል ነበር፤ ቀጥሎ "በሚመጣው"፤ ከዚያ "ደርሷል፣ ደርሷል" ማለት ጀመረ። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይሸማቀቃል፤ አፉ ግን "አላውቅም" የሚለውን ማውጣት አቃተው። ኋላ ኋላ ዳቦውንም ልብስ ሰፊው እንዲገዛለት ማድረግ ጀመረ።

ቀጮ ስድስተኛ ወሯን ያዘች። በአህያ ጭነው ውሃ እያመጡ የሚሸጡላቸው ሰዎች በበጋው እየቀነሱ መጡ፤ ልብስ ሰፊው በዚያች እግሩ ገደል አይወርድም። ውሃልክ አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳይናገር ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ወረደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ጋሼ! ምን ሆነው ነው? እርስዎ እኮ ተከራይ ነዎት!" ብላ ጮኸች ቀጮ።

"ዝም በይ። ቤት ውስጥ ከመቀመጥ ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ወረደ። የቁልቁለቱን ዋጋ ቀኝ ጉልበቱ፣ የዳገቱን ወገቡ ይከፍላል። ሴቶቹ መንገድ ይለቁለት ጀመር፤ መቼ ነው ብለው መጠየቃቸውንም ተዉት። ቀጮ ደግሞ ሲመለስ እግሩን የሚዘፈዝፍበት የሞቀ ውሃ ታቀርብለታለች፤ ከዚያችው ካመጣት ውሃ ላይ ቀንሳ። ይቆጣታል፤ አትሰማውም። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ሞላ ብሏል። ልብስ ሰፊው ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትንንሽ ልብስ ይሰፋል፤ እያንዳንዱን ለውሃልክ እያሳየ "ቁልፉ ቀጥ ብሏል?" ይለዋል። "ግራው አንድ ሚሊ ወርዷል" ይላል ውሃልክ። እውነትም ወርዷል።

ሰባተኛው ወር ተጋመሰ። ውሃልክ በስልክ እንደማይሆን ገባው። ራሱ ዋናው ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ሊጠይቅ ቆረጠ። ለመሄድ ሲነሳ ቤት ያለውን ጀሪካን ሁሉ ሞላ፤ በርሜሉንም ሞላ። ለዚህ ሦስት ቀን ተመላልሷል።

"ለአራት ቀን ይበቃችኋል። በአራተኛው ቀን እዚህ ነኝ" አለ። "አደራ፣ ወንዝ የሚባል ነገር..."

"ሂዱ እንጂ ጋሼ፣ እንደ እናቴ ሆኑብኝ እኮ!" አለችው ቀጮ።

ቢሮ ሲደርስ የሚፈልገው ኃላፊ የለም። ነገ ይመጣል ተባለ። በነጋታው ስብሰባ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን "ነገ ጠዋት" አሉት። ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የግድግዳውን ጡብ ሲቆጥር ዋለ፤ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ግንበኛው ተሳስቷል። አራተኛውም ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን መሐንዲሱ ከውጭ ሲገባ አየውና ደነገጠ።

"ጋሼ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ማሽኑ" አለ ውሃልክ።

መሐንዲሱ እጁን ይዞ ወደ ትንሽ ክፍል አስገባው። በሩን ዘጋ።

"ማሽኖቹ ደርሰዋል፣ ጋሼ።"

የውሃልክ ፊት በራ። መሐንዲሱ ወለሉን ማየት ጀመረ።

"ግን ወደዚያ አይመጡም። ሌላ ቦታ ተመድበዋል። የጠጠር ማጠቢያ አለ፣ ማዕድን ማውጫው ጋ... እዚያ ሥራው አስቸኳይ ነው። የውሃው ፕሮጀክት ታጥፏል።"

"ታጥፏል ማለት?"

"ቆሟል ማለት ነው። ለጊዜው ይላሉ። እኔ አላምንም። መሠረቶቹም ይነሳሉ፤ እዚያው ናቸው የሚያስፈልጉት። በሚቀጥለው ሳምንት ክሬኑን ይዤ እመጣለሁ። እንደው ልደውልልዎ አስቤ... አቃተኝ።"

ውሃልክ አጠገቡ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እዚያ እኮ ሰው አለ" አለ።

"አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ምን ላድርግ? የበላይ ትእዛዝ ነው።"

የመልሱ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሌላ ቀን ፈጀ። በሰባተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ከተማዋ ገባ። ይዞት የመጣውን ወሬ እንዴት እንደሚናገር መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ግን ማንም ወሬ አልጠየቀውም። የልብስ ሰፊው ሱቅ ተዘግቷል። በሩ ላይ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፤ ሲያዩት ተነሥተው መንገድ ለቀቁለት።

በርሜሉ ያለቀው በአምስተኛው ቀን ማታ ነው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ፣ ባሏ ገና ሳይነቃ፣ ቀጮ ትንሿን ጀሪካን ይዛ ወጣች። ጎረቤት እንዳትለምን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጠብታ ነው የሚቆጥበው፤ ለመለመን ደግሞ አመሏ አልነበረም። ጋሼ ዛሬ ይመጣሉ፣ ደክሟቸው ይመጣሉ፣ እግራቸውን የሚታጠቡበት እንኳ የለም አለች አሉ፤ አብራት የወረደች ሴት ናት ይህን የተናገረችው። ስትወርድ ደህና ነበረች። ስትወጣ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ልል ጠጠር አንሸራተታትና በጎኗ ወደቀች። ተነሣች። ምንም አልሆንኩም አለች። ጀሪካኑን እንኳ አልጣለችውም፤ ግማሹ ሳይፈስስ ነው ቤት የገባችው። ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት። ነርሷ መጣች፣ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ታገለች። የተወለደችው ሴት ልጅ ነበረች። አልተነፈሰችም። የታጠበችውም በዚያው በግማሽ ጀሪካን ውሃ ነው።

ውሃልክ ይህን ሁሉ ከጎረቤቶቹ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። ልብስ ሰፊው ከጓዳ ወጣ፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ውሃልክ ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ ይሰድበው ዘንድም ተመኘ። ልብስ ሰፊው ግን ትከሻውን ነካ አደረገውና "ደክሞዎታል፤ ግቡ ጋሼ" ብቻ አለው።

ፕሮጀክቱ መታጠፉን የተናገረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ልብስ ሰፊው ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። የሚገርመው ነገር አልቀረውም ነበር።

ክሬኑና ሎቤዶቹ ሰኞ ጠዋት መጡ። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ያጨበጨበ የለም፤ የጮኸም የለም። ልብስ ሰፊው በዱላ ተደግፎ ከሰዉ ኋላ ቆሟል።

"ጋሼ፣ እንጀምር?" አለ መሐንዲሱ በለሆሳስ።

"እኔ አላነሳም።"

"ጋሼ..."

"አስቀምጥ አላችሁኝ፣ አስቀመጥኩ። ማንሳት ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

መሐንዲሱ አልተቆጣም። "ያለ እርስዎም ይነሳል እኮ" አለ፤ በሐዘን ነው የተናገረው። ለሠራተኞቹ ምልክት ሰጠ። ሁለት ሰዎች አንደኛው መሠረት ላይ ወጥተው ሰንሰለቱን በቀለበቶቹ አስገቡ። ውሃልክ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ክሬኑ ማጓራት ጀመረ። ድምፁን ሲሰማ ግን ዞረ፤ መዞር አልነበረበትም። አንደኛው ሰንሰለት ከሌሎቹ አጥሯል። አሥራ አንዱ ቶን ከመሬት ሲላቀቅ በአንድ ጎኑ ዘመመ፣ ተወዛወዘ፤ ከሥሩ አንድ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ ሊገፋው ቆሟል።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ ውሃልክ። "አንተ፣ ውጣ ከሥሩ! ዝቅ አድርግ! ዝቅ! ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ?"

ሮጦ ሄደ። ሰንሰለቱን ፈታ፣ ለካ፣ አስተካከለ፣ እንደገና አሰረ። እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ "ቀስ ብለህ፣ ወደ ላይ።" ድንጋዩ እንደ ትሪ ቀጥ ብሎ ከመሬት ተነሣ። ከሥሩ የረጠበ፣ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ውሃልክ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ሰዉን ያየው። ዳቦ ሻጩ አለ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አለ፣ ጀሪካን ያዘሉት ሴቶች አሉ። ሁሉም እሱን እያዩ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ሁለተኛው መሠረት ላይ ደግሞ ሰዎቹ ሰንሰለቱን አጣመው እያስገቡ ነበር። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስቱንም በእጁ አስነሣቸው።

ሻንጣውን ሊወስድ ወደ ቤት ሲመለስ ቀጮ አልጋ ላይ ደገፍ ብላ ተቀምጣ ነበር። እንደገና ቀጥናለች።

"ሄዱ?" አለችው።

"ተጭነዋል።"

"እርስዎም ይሄዳሉ?"

"እህትሽ ጋ ብትሄዱስ? አሁንም..." ብሎ ጀመረ።

"ክፍሉ ተይዟል። ደግሞ አሁን ሄጄ ምን አደርጋለሁ?" መስኮቱን አየች። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ድንጋዩን አይደለም ያመንኩት። እርስዎን ነው።"

ንዴት አልነበረባትም፤ እንደው የሆነውን ነገር ለመናገር ያህል ነው ያለችው። ውሃልክ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። እሷም አልከለከለችውም። ልብስ ሰፊው መኪናው ድረስ ሻንጣውን ይዞለት ሄደ።

አዲሱ ቦታ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ነበር። ባዶ መሬት፣ የጠጠር ክምር፣ የቆርቆሮ ቢሮዎች። ፓምፖቹና ጄኔሬተሮቹ በሣጥናቸው እንዳሉ ሜዳ ላይ ይጠብቁ ነበር። አዳዲስ ናቸው፤ ቀለማቸው ያበራል። ውሃልክ መሠረቶቹን በአራት ቀን አስቀመጠ። ማሽኖቹ በሦስት ቀን ታሰሩ፤ ብሎኖቹ ግሪስ ስለተቀቡ እንደ ቅቤ ነው የገቡት። በስምንተኛው ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ተነሡ። ውሃው በቱቦ እየተምዘገዘገ መጥቶ ጠጠሩን ያጥበው ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ፣ ጭቃ እየሆነ ወደ ቦይ እየፈሰሰ። መሐንዲሱ አንደኛው መሠረት ላይ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። ውሃው አልተንቀሳቀሰም።

"ጋሼ፣ ይዩልኝ! ንክች አላለም እኮ!" አለ በደስታ።

ውሃልክ አየው። እንደዚህ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ደስ ይለው እንደሆነ ብሎ ጥቂት ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ እንደምንም ራሱን አጀግኖ ወደ ልብስ ሰፊው ደወለ።

"ጋሼ! ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። እናንተስ?"

"አለን። ይመስገን።"

"ሥራስ?"

"እሱም አለ። እንደ ድሮው አይደለም። ሰዉ እየለቀቀ ነው። ዳቦ ሻጩም ሄደ።"

"እሷስ? አጠገብህ ካለች..."

በስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የስፌት ማሽን ድምፅ ቆመ።

"የለችም። ወንዝ ወርዳለች።"

ውሃልክ ስልኩን በሌላኛው ጆሮው ያዘ። ከጀርባው አራቱ ፓምፖች ያጉረመርማሉ፤ ውሃው ጠጠሩን እየመታ ይጮኻል።

"ምንድነው የሚጮኸው?" አለ ልብስ ሰፊው። "ዝናብ ነው እንዴ እዚያ?"

"መኪና ነው" አለ ውሃልክ። "መኪና እያለፈ ነው።"

"እ... በሉ እንግዲህ፣ ጤናዎን ይጠብቁ።"

"እሺ። አንተም።"

ከዚያ በኋላ አልደወለለትም። ልብስ ሰፊውም አልደወለ። ውሃልክ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ሠራ፤ ከዚያ ጉልበቱ ጨርሶ እንቢ አለውና ጡረታ ወጣ።